ፊደል ያስተዋወቃቸው፥ ጽዋ ያገናኛቸው

በፈረንጆች የካቲት መግቢያ፥ የብራስልስ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስትጠልቅና ካፊያው የድንጋዩን ንጣፍ ሲያወዛው፥ ከከተማይቱ ታላቅ አደባባይ ጥቂት ርምጃ በሚርቅ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከአንድ መብራት ሥር ቆመው እንደ ፊደል ቈጣሪ ሕፃናት ሲያነብቡ አየሁ። አንደኛው ሽበት የወረሰው ጀርመናዊ፥ ሁለተኛው ጢሙ ገና ያቀመቀመ የፖርቱጋል ወጣት ሲሆን፥ በቀኝ እጃቸው የቢራ ብርጭቆ፥ በግራ እጃቸው ከመዳፍ የማይበልጥ የወረቀት ቁራጭ ይዘዋል። ሽማግሌው የላቲን ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበትን መስመር አራት አራት እያደረገ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፤ ወጣቱም በራሱ ወረቀት ላይ በጣቱ እየተከተለ «ልክ ነው» ይላል። ዐሥር ጊዜ አራት፥ በድምሩ አርባ ምልክት ከተነበበ በኋላ ተራው ተገለበጠና ወጣቱ አንባቢ፥ ሽማግሌው ተከታይ ሆነ። ይህም ሲፈጸም ፓስፖርታቸውን አውጥተው ተለዋወጡ፤ ፎቶግራፉን ከፊት፥ ፊቱንም ከፎቶግራፍ ሲያመሳክሩ ቈይተው፥ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የድንበር ጠባቂ መስለው የነበሩት ሰዎች ድንገት ተቃቅፈው ሳቁ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስጽፍልህ ኖሬ፥ ይህን ያህል ረጅም መሆንህን አላወቅሁም ነበር» አለ ሽማግሌው።

መተላለፊያው በፈረንሳይኛ የሚጠራበት ስም ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «መውጫ የሌለው የታማኝነት መንገድ» እንደ ማለት ነው። በዚያ ያለው ዴሊሪየም የተባለው መጠጥ ቤት፥ ምልክቱ ሮዝ ዝሆን የሆነ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. 2004 ዓይነት ቢራ ለሽያጭ በማቅረቡ በዓለም የድንቃድንቅ መዝገብ የተጻፈ ቤት ነው። በዚያች ዓርብ ሌሊት ግን ከየሀገሩ የተሰበሰበው ሕዝብ እስከ መተላለፊያው አፍ ድረስ ተርፎ የቆመው የቢራው ስም ብዛት ብቻ ስቦት አልነበረም፤ በማግሥቱ ቅዳሜና እሑድ በብራስልስ ነጻ ዩኒቨርሲቲ በሶልቦሽ ግቢ የሚደረገው ፎስዴም የተባለው የኮምፒዩተር ወዳጆች ጉባኤ ዋዜማ ስለሆነ ነው። ዋዜማ የሌለው በዓል ለእኛ እንግዳ እንደሚሆንብን ሁሉ፥ ለእነዚህም ሰዎች ያለ ዓርቡ ቢራ የቅዳሜው ትምህርት ጎዶሎ ነው።

ጉባኤው በ2001 ዓ.ም. (ይህና ከዚህ በታች የሚነሡት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተጀመረው ራፋኤል ቦዱዋን በተባለ ሰው አሳብ ሲሆን፥ እርሱም በፕሮግራም ጽሕፈት ለማኅበሩ የሚያበረክተው ችሎታ እንደሌለው ስለ ተሰማው፥ ሊቃውንቱን በአንድ ጣራ ሥር በማሰባሰብ ድርሻውን ሊወጣ አሰበ። የመግቢያ ዋጋ የለውም፥ ምዝገባም የለውም፤ ስለዚህ የታዳሚው ቁጥር 8000 ያህል ነው ተብሎ ይገመታል እንጂ ቈጥሮ የሚያስረክብ የለም። አስተናጋጁ፥ ሽቦ ዘርጊው፥ ቪዲዮ ቀራጩና ወለል ጠራጊው ሁሉ በፈቃዱ የሚያገለግል ነው። ደገኛውን የጽዋ ማኅበር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፥ በዚያ ቆሞ ሲያይ፥ ነገሩ ከሩቅ የመጣ አይመስለውም።

«አማተር» ማለት ወዳድ ማለት ነው

በዚያ መጠጥ ቤት ፎቅ ሥር፥ ጣሪያው በማስታወቂያ ሰሌዳዎች በተሸፈነ ክፍል፥ በበርሜል ዙሪያ ከተቀመጡ ስድስት ሰዎች መካከል ስፍራ ተለቀቀልኝ። ሲነጋገሩ የነበሩት፥ የማላውቀውን ነገር ሊያወሩ ነው ብዬ ለፈራሁት ለእኔ እጅግ ደስ ባሰኘ ሁኔታ፥ ስለ ኮምፒዩተር አልነበረም። አንዲት ፊንላንዳዊት የሒሳብ መምህርት፥ ሥራዋን ትታ በአንድ ኩባንያ ብትቀጠር ሌሊት ሌሊት ለደስታዋ የምትጽፈው ፕሮግራም የአሠሪዋ ንብረት እንዳይሆንባት እየሠጋች ምክር ትጠይቃለች፤ አንድ ፖላንዳዊ ከዋርሶ እስከ ብራስልስ በባቡር ለመምጣት የትኛው ጣቢያ ላይ ቢያድሩ እንደሚረክስ ያስረዳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለሁለቱም ጆሮውን እየሰጠ፥ የቀረበለትን ጥቁር ቢራ ለምን በተዋበ ጽዋ መሳይ ብርጭቆ እንጂ በቀጭን ብርጭቆ መጠጣት እንደማይገባ ይሟገታል። እንጀራ፥ መንገድና መጠጥ፤ የሦስቱ ወሬ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ፈትል እየተጠማዘዘ ቈየ።

በፈረንሳይኛ «አማተር» የሚለው ቃል በመነሻው ወዳድ ወይም አፍቃሪ ማለት መሆኑን ያስታወሰኝ ይኸው ጨዋታ ነው። የዚህ ማኅበር ታሪክ በሙሉ የወዳዶች ታሪክ ነውና። በመጋቢት 5 ቀን 1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሜንሎ ፓርክ፥ በጎርደን ፍሬንች የመኪና ማደሪያ ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰዎች አልቴር 8800 የተባለውን፥ በቤት ሊገጣጠም የሚችል ኮምፒዩተር ለማየት ተሰብስበው ነበር፤ ያም ስብሰባ «ሆምብሩ» የተባለው የኮምፒዩተር ክበብ መጀመሪያ ሆነ። ስሙ ራሱ «የቤት ጥንስስ» ማለት ነው። ከጉባኤው በኋላ አባላቱ ኦአሲስ ወደ ተባለ ቢራ ቤት ወርደው ወጋቸውን ሲጨዋወቱ ያመሹ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ከነበሩት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ሲሆን፥ ለጓደኞቹ ለማሳየት ብሎ የሠራው ማሽን የአፕል የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ከመኪና ማደሪያ ወጥቶ ወደ ሽቦው ተሰደደ። በነሐሴ 1988 በሰሜን ፊንላንድ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ሰው፥ ብዙ ሰዎች በያሉበት ሆነው በአንድ ጊዜ በጽሑፍ እንዲነጋገሩ የሚያስችል አይአርሲ የተባለ ሥርዓት አበጀ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ 25 ቀን 1991፥ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት፥ ሊኑስ ቶርቫልድስ፥ ለትርፍ ጊዜ ጨዋታ ያህል አንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት እየጻፈ መሆኑንና ሥራውም ታላቅ ይሆናል ብሎ እንደማይጠብቅ ገልጾ አስተያየት ለመነ። ከኅዳር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣን የተባሉት 500 ኮምፒዩተሮች አንድም ሳይቀር የሚሠሩት ከዚያ «ጨዋታ» በተወለደው በሊኑክስ ነው፤ በአንባቢው ኪስ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነም፥ የዚያው ተማሪ ሥራ በልቡ ውስጥ አለ።

ነጻ የተባለው ቢራ

የእነዚህ ሰዎች ሃይማኖት ነው ቢባል ግነት የማይሆን አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ነጻ» የሚለው ነው። በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ፕሮግራሞች ሥራ ያወጀው ሪቻርድ ስቶልማን፥ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንደ ፈቃዱ ሊያሠራው፥ አሠራሩን ሊመረምረው፥ ሊያሻሽለውና ለባልንጀራው ሊያካፍለው ይገባል ብሎ ሲያስተምር፥ የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ፊት ስላለው ሰሚው ሁሉ «ዋጋ የማይከፈልበት» ማለቱ እየመሰለው ተቸገረ። ስለዚህም፥ ነጻ ስል የንግግርን ነጻነት አስቡ እንጂ በነጻ የሚቀዳ ቢራ አታስቡ፥ የሚል ማስረጃ አበጀ፤ ቢራም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማኅበሩ ምሳሌያዊ አነጋገር ጋር ተጣብቆ ቀረ። የፎስዴም ስም መጀመሪያ ላይ ያለችው ፊደል እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ያልነበረች፥ በስቶልማን ጥያቄ በኋላ የተጨመረች የ«ነጻ» ምልክት ናት።

የእኛም ቋንቋ በዚሁ ዕዳ ተይዟል። ሀገሪቱ ነጻ ወጣች እንላለን፥ ዕቃውንም በነጻ ወሰድሁ እንላለን፤ በአንዱ ቃል ደም የፈሰሰበትን ክብርና ዋጋ ያልወጣበትን ሸቀጥ አብረን እንጠራለን። ፈረንሳይኛ በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው፤ አርነትንና ያለ ዋጋ መስጠትን በሁለት የማይገናኙ ቃላት ለይቶ ይናገራል፤ የጉባኤው አስተናጋጅ የሆነው ዩኒቨርሲቲም በስሙ የተሸከመው «ነጻ» የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው አይደለም።

ይህ ጨዋታ በኋላ ወደ እውነት ተለወጠ። በ2004 መጨረሻ በኮፐንሃገን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሱፐርፍሌክስ ከተባለው የሥነ ጥበብ ቡድን ጋር ሆነው፥ ጉዋራና የተባለ አነቃቂ ፍሬ የተጨመረበት ቢራ ጠምቀው የአሠራሩን ዝርዝር ለዓለም ሁሉ አደሉት፤ ማንም ጠምቆ ሊሸጠው ይችላል፥ ግዴታው ግን ያሻሻለውን አሠራር እርሱም በተራው ለሌላው መግለጥ ነው። ብርጭቆው ዋጋ ይከፈልበታል፤ የጥንስሱ ምሥጢር ግን ነጻ ነው። ስቶልማን በቃል ሊያስረዳ የደከመበትን ነገር እነዚህ ተማሪዎች በጉሮሮ አወረዱት።

ምሥጢሩን መግለጥ ግን ቢራውን እንደማያረክሰው ማንም ሰው ከብራስልስ የተሻለ ምስክር አያገኝም። በከተማይቱ በአንደርሌክት ሰፈር፥ ከ1900 ጀምሮ የሚሠራው የካንቲዮን ጠማቂ ቤት፥ ላምቢክ የተባለውን ቢራ ከገብስ ብቅልና ካልበቀለ ስንዴ ቀቅሎ፥ በጣሪያው ሥር በተዘረጋ ሰፊ የመዳብ ገንዳ ውስጥ አንድ ሌሊት አየር እንዲመታው ይተወዋል። እርሾ አይጨምርበትም፤ በነፋስ የሚመጣውና በሕንጻው ጣውላ ያደረው የዱር እርሾ ራሱ ወርዶ ያፈላዋል፤ ከእነዚህም አንዱ በሳይንስ መዝገብ በከተማይቱ ስም ተሰይሟል። ሥራው የሚሠራው ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት ብቻ ሲሆን፥ ከዚያ የአንድ፥ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተቀላቅሎ ጎዝ የተባለው ይወጣል። ጌሾ ወቅጣ፥ ብቅል ጨምራ፥ በወይራ በታጠነ ጋን የጠነሰሰች የእናቶቻችን እጅም ይህንኑ ታውቃለች፤ ጠላም ቢሆን ከገበያ የሚገዛ እርሾ የለውም፥ እርሾው ከጌሾው፥ ከጋኑና ከአየሩ ይመጣል። የካንቲዮንን ቢራ ስቀምስ ምላሴን የመታው ኮምጣጣነት፥ ከሦስት ቀን በላይ የሰነበተ ጠላ ሆኖ ታየኝ፥ ላቀረበልኝ ሰው ግን ይህ ክብር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

የቤልጅግ ቢራ የበረታበት ምክንያትም በከፊል ከሕግ የመጣ ነው። በ1919 የወጣውና በቫንደርቬልድ ስም የሚጠራው ሕግ በመጠጥ ቤቶች አረቄ እንዳይቀዳ ስለ ከለከለ፥ ከ60 ዓመት በላይ ጠማቂዎች ጠንካራ ቢራ በማቅረብ የጠጪውን ጉድለት ሲሞሉ ኖሩ። ከእነዚህ የሚበልጠውን ዝና ያገኙት ትራፒስት የተባሉት መነኮሳት ናቸው፤ በቬስትማሌ፥ በኦርቫል፥ በሺሜ፥ በሮሽፎርና በቬስትፍሌተረን ገዳማት የሚጠመቀው ቢራ የማኅበሩን ምልክት የሚለጥፈው፥ በገዳሙ ቅጥር ውስጥ፥ በመነኮሳት ወይም በእነርሱ ተቈጣጣሪነት ሲጠመቅና ገቢውም ለገዳሙ መኖሪያና ለምጽዋት ሲውል ብቻ ነው። አንድ ሆላንዳዊ የፕሮግራም ጸሐፊ ይህን አስረድቶኝ ሲያበቃ፥ «ይህ እኮ የእኛ ፈቃድ ወረቀት ማለት ነው፤ ማን እንደ ሠራው፥ በምን ሥርዓት እንደ ሠራው፥ ትርፉም ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል» አለኝ። ዩኔስኮ በ2016 የቤልጅግን የቢራ ባህል ከዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲጽፈው፥ ከመነኮሳቱ እስከ መንደር ጠማቂው ድረስ ያለውን ይህን ሥርዓት ሁሉ አብሮ ጻፈው።

እንጀራና ፍቅር

ለፍቅር የተጀመረ ሥራ እንጀራ ሊሆን ይችላልን? በዚያች ሌሊት በየበርሜሉ ዙሪያ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ሰዓት የወሰደው ይህ ነበር። ምስክሩ በሁለቱም ወገን አለ። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ፥ ማንም ያለ ዋጋ ሊያወርደው በሚችል ሶፍትዌር ላይ አገልግሎት እየሸጠ አድጎ፥ በ2019 በአይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ። ቶርቫልድስም ከተማሪነት ወጥቶ የሚወድደውን ሥራ ደመወዙ አደረገ። የዚህ ሙያ አንዱ ጸጋ፥ የሠራተኛው ታሪክ በወረቀት ላይ የተጻፈ የራስ ምስክርነት ብቻ ሳይሆን ለዓለም የተገለጠ ሥራ መሆኑ ነው፤ ቀጣሪ ቢፈልግ ከዐሥር ዓመት በፊት የጻፈውን መስመር፥ ስሕተቱንም፥ ስሕተቱን ሲነግሩት የመለሰውንም መልስ ጭምር ያነብባል። «እኔን ሊቀጥሩኝ ሲመጡ ስለ እውቀቴ አልጠየቁኝም፤ ሰው ሲሰድበኝ እንዴት እንደ ታገሥሁ አንብበው ነበርና» አለች አንዲት የፕራግ ሴት፥ እየሳቀች።

ሌላው ወገን ግን የከበደ ነው። የዓለም ንግድ፥ ባንክና መንግሥት ሁሉ የተደገፈባቸው ጥቃቅን ፕሮግራሞች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ አሉ፤ እነዚያም ሰዎች ከሥራ መልስ፥ ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ፥ ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ናቸው። በየዕለቱ ከማያውቁት ሰው «ለምን አልተስተካከለም» የሚል ቍጣ ይደርሳቸዋል፤ ምስጋና ግን ከስንት አንድ ነው። ለጀርመናዊው ሽማግሌ ሁለተኛ ብርጭቆ በመጣለት ጊዜ፥ «እርስዎ ስንት ዓመት ይህን ሥራ ሠሩ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ከልጄ ዕድሜ ሦስት ዓመት ይበልጣል፤ ልጄም ይህን ቁጥር አይወድደውም» ብሎ መለሰልኝና ዝም አለ። በዚያ ሙያ ድካም ሰውን እንዴት አድርጎ ለአደጋ እንደሚያጋልጠው የተገለጠው በ2024 ዓ.ም. ነበር።

ጽዋው ሲዞር

ኤክስዜድ የተባለው ፕሮግራም ፋይልን አጥብቆ የሚያሳንስ፥ ማንም ስሙን የማያነሣው፥ ነገር ግን በአብዛኞቹ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚገኝ ትንሽ አገልጋይ ነው። ይህን ፕሮግራም ብዙ ዓመት ብቻውን ሲጠብቅ የነበረው ሰው ደክሞት ሳለ፥ አንድ ረዳት ቀረበው። ረዳቱ ትሑት፥ ትጉህና ጨዋ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ሥራ ሠራ፤ ሌሎች ስሞችም በየጊዜው እየመጡ ጠባቂውን ስለ መዘግየቱ እየወቀሱ ሥልጣኑን እንዲያካፍል ገፋፉት፥ በመጨረሻም ቁልፉ ለረዳቱ ተሰጠው። ከዚያም በ5.6.0ና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ፥ የማያውቁት ሰው በዓለም ወደ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሊገባበት የሚችል የኋላ በር ተሰውሮ ገባ። ክፋቱ የተያዘው በሊቃውንት ሸንጎ አልነበረም፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ሲገባ የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት ስለ አስገረመው፥ ነገሩን ሥሩ ድረስ ቈፍሮ በመጋቢት 29 ቀን ለዓለም አስታወቀ። ረዳቱ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በላይ ከጻፈላቸው ሰዎች ሁሉ ፊቱን አይቻለሁ፥ ድምፁንም ሰምቻለሁ ብሎ የሚመሰክር አንድ አልተገኘም።

እነሆ፥ በታማኝነት መንገድ መብራት ሥር ያየሁት የአርባ ምልክት ንባብ ትርጉሙ በዚህ ይገኛል። በዚህ ሥርዓት የሚሳተፍ እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል ሁለት የተጣመሩ ዲጂታል ቁልፎች አሉት፤ አንዱን ሰውሮ ይይዘዋል፥ ሁለተኛውን ለዓለም ይገልጠዋል። በስውሩ የታተመ ጽሑፍ በግልጡ ይመረመራል፥ ስለዚህም እንደ ጥንቱ የንጉሥ ማኅተም ጽሑፉ ከባለቤቱ መውጣቱን ያረጋግጣል። ነገር ግን ማኅተሙ የማን መሆኑን ማን ያረጋግጣል? የአርባው ምልክት መስመር የቁልፉ አጭር ምሳሌ፥ እንደ ጣት አሻራ ያለ ነው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አሻራውን ያነብባሉ፥ መታወቂያ ይተያያሉ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አንዱ በሌላው ቁልፍ ላይ ማኅተሙን ያኖራል፤ ትርጉሙም «ይህን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ» ማለት ነው። በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው፥ ዛሬ 1000 ያህል ሙሉ አባላት ያሉት ዴቢያን፥ አዲስ ገቢ አባል ቁልፉን በነባር አባል ሳያስመሰክር በሙሉ መዓርግ አይቀበለውም። በኢንተርኔት የተወለደው ማኅበር በመጨረሻው ደጃፍ ላይ፥ እንደ ጥንቱ ዘመን፥ አብዛኛውን ጊዜ በአካል መጥተህ ታይ ይላል።

መንገዱም ከዚህ ተወለደ። የዴቢያን ዓመታዊ ጉባኤ በ2000 በቦርዶ ተጀምሮ፥ በ2005 በሄልሲንኪ፥ በ2016 በኬፕታውን፥ በ2023 በኮቺ፥ በ2024 በቡሳን፥ በ2025 በብሬስት ተደርጓል፤ የጽዋ ማኅበር ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሁሉ በየዓመቱ ሌላ ከተማ ተረኛ ይሆናል። በዚያም ከሄልሲንኪው ጉባኤ የጀመረ ልማድ አለ፤ እያንዳንዱ ተጓዥ ከሀገሩ አይብና ወይን ይዞ ይመጣል፥ በአንድ ማታ ገበታው ሁሉ በአንድነት ይቀርባል። በወረርሽኙ ምክንያት ፎስዴም በ2021ና በ2022 በኢንተርኔት ብቻ ተደረገ፤ ትምህርቱ አልጎደለም፥ በ2023 ግን ደጁ ሲከፈት መተላለፊያው እንደ ቀድሞው በሰው ሞላ።

ጽዋ ሁሉን ይፈውሳል ማለቴ አይደለም። ሐሰተኛ ፓስፖርት አለ፥ ከሚጠጣው ሰው ጋር እየሳቀ የሚዋሽም አለ። መጠጥ የማይቀምሱ አባላትም ብዙ ናቸው፤ ጀርመናውያኑ የሚወድዱትን ክሉብ ማቴ የተባለ፥ ከማቴ ቅጠል የሚሠራ መጠጥ የያዙ፥ በሃይማኖታቸው ወይም በጤናቸው ምክንያት ብርጭቆውን የሚያሳልፉ፥ ከዓርቡም ማታ ይልቅ በማግሥቱ ከድንች ጥብስ ሻጩ መኪና ፊት በሚሰለፈው ሰልፍ የሚጨዋወቱ አሉ። ኃይሉ ከብርጭቆው ውስጥ ካለው ነገር አልመጣም፤ ከቀጠሮው መጣ።

ከሀ ጀምሮ

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ እንዳልሆነ የሚያሳየው የራሳችን ፊደል ነው። ከ1999 በፊት በግዕዝ ፊደል የሚጽፉ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ስለ ነበራቸው፥ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ጭረት ይሆን ነበር። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ወዳዶች ባደረጉት ትጋት፥ ፊደላችን በዚያ ዓመት በዩኒኮድ 3.0 ተመዝግቦ፥ ሀ በዓለም መዝገብ 1200 የተባለ መለያ አገኘ፥ ልጆቿም ተከተሏት። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ሰው ለዋሽንግተን ወንድሙ በስልኩ «እንዴት ዋልህ» ብሎ ሲጽፍ፥ ይህ ሰላምታ ሳይሰበር የሚደርሰው በዚያ ሥራ ነው።

ነገር ግን ፊደሉ በደረሰበት ሰውየው አይደርስም። አንድ የአዲስ አበባ ወጣት፥ በአንድ ነጻ ፕሮግራም ላይ ለዓመታት የሠራና እኔ ወደ ብራስልስ በሄድሁበት ዓመት እርሱም ሊመጣ ተጋብዞ የነበረ፥ ቪዛ ተከልክሎ መቅረቱን ሰምቼ ቅዳሜ ማታ ደወልሁለት። የጉባኤው ትምህርት በየክፍሉ በቀጥታ ስለሚተላለፍ ቤቱ ሆኖ ሁሉንም ተከታትሎ ነበር። «ጋሼ፥ ትምህርቱስ አልጎደለብኝም፤ የጎደለኝ ከትምህርቱ በኋላ ያለው ነው» አለኝ። ዕውቀቱ በነጻ ተሰጠው፤ ራሱ ግን ለመሄድ ነጻ አልነበረም። የቃሉ ሁለት ፊት እንዲህ ሆኖ በአንድ ሰው ላይ ተገናኘ። ቁልፉንም እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም በዓይኑ አይቶ አላተመለትም።

እሑድ ማታ፥ በሶልቦሽ ግቢ የመጨረሻው ንግግር አብቅቶ፥ ሰኞ የሚገቡት ተማሪዎች ክፍላቸውን እንደ ነበረ እንዲያገኙት አገልጋዮቹ ወንበር ሲያስተካክሉና ሽቦ ሲጠቀልሉ፥ ያ የፖርቱጋል ወጣት በግቢው ውስጥ እየሮጠ ሲያልፍ አየሁት። ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው የወረቀት ቁራጩን አሳየኝ፤ የዓርቡ ቢራ ብርጭቆ በላዩ ክብ ምልክት ትቶ፥ ከአርባው አንዷን ፊደል አደብዝዟታል። «ስምንት ትሁን ቢ ትሁን አላውቅም፤ በግምት ማኅተም አላኖርም» አለኝ። ሽማግሌው ወደ ኮሎኝ በሚሄደው ባቡር ሊሳፈር ቦርሳውን አንግቦ ከበሩ ላይ ደረስንበት። ቅር አላለውም፤ ቦርሳውን አወረደና መነጽሩን አጠለቀ፤ እኔም የስልኬን መብራት እንድይዝላቸው ታዘዝሁ። የጠፋችው አንዲት ፊደል ብትሆንም እርሷን ብቻ አላነበቡም፤ እንደ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሽማግሌው አራት አራት እያደረገ ያነብባል፥ ወጣቱ በጣቱ ይከተላል፥ «ልክ ነው» ይላል፤ እስከ አርባ።